ከሰጠው በፊት የወሰደው ይቆጠር፦ ስለ ኃይል አመንጪው ተቋም ማኅበራዊ ኃላፊነት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ማኅበራዊ ኃላፊነቱን እንዴት እንደሚወጣ የሚያስረዳ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ተቋሙ በግድቦቹና በማስተላለፊያ መስመሮቹ አካባቢ ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላና የንጹሕ ውኃ ተቋም እንደሚሠራ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ችግኝ እንደሚተክል፣ የሚያመነጨው ኃይልም ከሞላ ጎደል በሙሉ ታዳሽ እንደሆነ ዘርዝረዋል። ከዚያም የተነሺዎች ካሳ በሕግ የተቋጨ ጉዳይ ነው፣ መብራት ማዳረስ የሌላ ተቋም ሥራ ነው፣ በኦሞ ወንዝ ላይ ይደርሳል የተባለው ጥፋት አልደረሰም፣ ሌሎች አገሮችም ያደጉት በዚሁ መንገድ ነው ካሉ በኋላ፣ ከዚህ በላይ የሚጠይቅ ሰው የውጭ ዘመቻ አስተጋቢ ነው ወደሚል መደምደሚያ ደርሰዋል።

ወንዞቻችንን ገድበን ኃይል ማመንጨት አለብን በሚለው ላይ ከጸሐፊው ጋር ልዩነት የለኝም። ሕዝቡ ከኪሱ አዋጥቶና ቦንድ ገዝቶ የሠራው፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ሲመረቅ ከልባቸው ከተደሰቱት አንዱ ነኝ። የምንለያየው የአንድ ኃይል አመንጪ ተቋም ማኅበራዊ ኃላፊነት በምን ይለካል በሚለው ነው። ጸሐፊው የሚለኩት ተቋሙ ለአካባቢው በሰጠው ነገር ነው። እኔ ግን መለኪያው ተቋሙ ዋና ሥራውን ሲሠራ ከማን ምን እንደወሰደ፣ የወሰደውንስ በምን መልክ እንደመለሰ መሆን አለበት እላለሁ። በዚህ መለኪያ ሲታይ የጸሐፊው ዝርዝር ብዙ ጎዶሎ አለው።

በትምህርት ቤቶቹና በጤና ኬላዎቹ ልጀምር። አንድ መንደር በግድብ ማጠራቀሚያ ውኃ ሥር ሲቀር የሚጠፋው ቤትና ማሳ ብቻ አይደለም። ልጆቹ የሚማሩበት ክፍል፣ ሴቶቹ ውኃ የሚቀዱበት ምንጭ፣ ወደ ገበያ የሚያወጣው መንገድ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ፣ የወላጆች መቃብር ሳይቀር አብሮ ይሄዳል። ነዋሪዎቹ በተዛወሩበት ቦታ ትምህርት ቤት ሲሠራላቸው ያጡት ነገር ተተካላቸው እንጂ ስጦታ አልተሰጣቸውም። በገጠራችን ከብቱ የጎረቤቱን አዝመራ የበላበት ገበሬ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ፣ ጉዳቱ ተገምቶ ይክሳል፤ ለከፈለው እህል ግን በቸርነቱ አይመሰገንም። በመሆኑም ጸሐፊው ከጠቀሷቸው ግንባታዎች መካከል የትኛው የጠፋ ነገር ምትክ፣ የትኛው በሕግ የተጣለ ግዴታ፣ የትኛው ደግሞ ከዚያ በላይ የተደረገ በጎ አድራጎት እንደሆነ ለይተው ሊነግሩን ይገባ ነበር። ሦስቱን በአንድ ርዕስ ሥር ደምሮ ማኅበራዊ ኃላፊነት ብሎ ማቅረብ ዕዳን እንደ ልግስና ማስቆጠር ነው።

ካሳው በሕግ የተቋጨ ነው የሚለው ነጥብ ከፊሉ እውነት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራሞች ምክንያት የተፈናቀሉ ብቻ ሳይሆኑ ኑሯቸው የተነካባቸውም ሰዎች ተመጣጣኝ ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ከቀድሞው ሕግ በእጅጉ የተሻለ ነበር፤ የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና የሥነ ልቦና ጉዳት ካሳ እንደሚገባው የተቀበለ ሕግ ነው። ነገር ግን የሕግ መኖር ክርክሩን አይዘጋውም። የማስተላለፊያ መስመርን እንውሰድ። የብረት ምሰሶው የሚያርፍበት መሬት ትንሽ ነው፣ ግምቱም ትንሽ ነው። ሆኖም በሽቦዎቹ ሥር በተዘረጋው ኮሪደር ቤት መሥራትም ሆነ ረጅም ዛፍ ማብቀል አይፈቀድም። በደጋው አካባቢ የሚኖር ገበሬ ለልጁ ሠርግ፣ ለበሽተኛው ሕክምና ወይም ለማዳበሪያ ዕዳ የሚሸጠው ባሕር ዛፉን ነው። የቆመው ዛፍ ተቆጥሮ አንድ ጊዜ ቢከፈለው እንኳ፣ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ከጉቶው ደግሞ ደጋግሞ የሚያቆጠቁጥ ተክል ነውና፣ ገበሬው ያጣው የዓመታት ገቢ ነው። ይህን ኪሳራ ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው መስመሩን የሚዘረጋው ተቋም ራሱ ነው።

ከዚህም በላይ በ2016 ዓ.ም የተደረገው የአዋጁ ማሻሻያ ካሳ የመክፈሉን ኃላፊነት ወደ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች አዛውሯል። ጸሐፊው ይህን ተቋሙን ከጥያቄ ነጻ እንደሚያወጣው አድርገው ያቀርቡታል። እኔ ደግሞ የማኅበራዊ ኃላፊነት ጥያቄ የሚጀምረው ልክ እዚያ ላይ ነው ባይ ነኝ። ካሳ ከፕሮጀክቱ በጀት ይወጣ በነበረበት ጊዜ መሐንዲሱ መስመሩን በየት በኩል ቢያሳልፍ ጥቂት ሰው እንደሚነካ የሚያስብበት ምክንያት ነበረው። ክፍያው የሌላ መሥሪያ ቤት ሲሆን ግን ያ ምክንያት ይላላል። ሕጉ ከተቋሙ ትከሻ ያነሣውን ነገር ተቋሙ በራሱ ፈቃድ መከታተሉን፣ ማለትም ተነሺው ካሳውን ሳይቀበል ማሳው ላይ የቁፋሮ ማሽን እንዳይገባ መከልከሉን ጸሐፊው ቢያሳዩን ኖሮ ምስጋናቸው መሠረት ይኖረው ነበር።

ወደ ታዳሽነቱ ልለፍ፤ ብዙ የምለው እዚህ ላይ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚመነጭ መሆኑ፣ በዚያ ላይም የአሸጎዳና የአዳማ የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች መታከላቸው የማይካድ ነው። የድንጋይ ከሰል ከሚያቃጥል አገር ጋር ስንነጻጸር ለከባቢ አየር ያለን ሸክም እጅግ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ለአየር የሚበጅ ሁሉ ለወንዝ ይበጃል ማለት አይደለም። ለዚህ ሩቅ ሳንሄድ ጢስ ዓባይን ማየት ይበቃል። ከፏፏቴው አጠገብ የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም ሲተከል የሚወስደው ውኃ ጥቂት ነበር፤ በ1993 ዓ.ም ሁለተኛው ሲጨመር ግን ውኃው ከፏፏቴው በላይ እየተጠለፈ ወደ ተርባይኖቹ መሄዱ ጎልቶ ታየ። በ2002 ዓ.ም ደግሞ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ፕሮጀክት የሐይቁን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ማሻገር ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በክረምት ሰፊውን ገደል ሞልቶ የሚወርደው ውኃ በበጋ ብዙ ጊዜ ከገደሉ ዳር ወደሚንጠለጠል ቀጭን ጅረት ይለወጣል። የጢስ ዓባይ ከተማ ሰው ጎብኚ እየመራ፣ ጀልባ እየቀዘፈ፣ ሻይና ምሳ እየሸጠ የሚኖረው በዚያ ውኃ ነው። ከጣቢያዎቹ የወጣው ኤሌክትሪክ ታዳሽ ነው፤ የከተማዋ ነዋሪዎች ያጡትን ገቢ ግን ታዳሽነቱ አልመለሰላቸውም።

የኦሞ ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። ግልገል ጊቤ ሦስት 243 ሜትር ከፍታ ያለው፣ 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው፣ 14.7 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ የሚይዝ ግድብ ነው፤ ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም ተመርቋል። ከግድቡ በታች ያሉት የሙርሲ፣ የካራ፣ የኛንጋቶምና የዳሰነች ማኅበረሰቦች ከከብት እርባታቸው ጎን ለጎን ውኃ ሸሽ እርሻ ያርሱ ነበር። ደጋው በክረምት ሲዘንብ ወንዙ ሞልቶ ዳርቻውን ያጥለቀልቃል፣ ለም ደለል ያለብሳል። መስከረም ወጥቶ ውኃው ሲያፈገፍግ፣ አፈሩ ገና ርጥብ ሳለ፣ በእንጨት መትከያ ጉድጓድ እየቀደዱ ማሽላ ይዘራሉ። ዝናቡ በማይታመንበት በዚያ ቆላ ይህ እርሻ ዝናብ ቀረ አልቀረ የሚታጨድ ነበር። ጎርፉ የተኛበት ሜዳም ለከብቶቹ የበጋ ግጦሽ ያበቅላል።

እንግዲህ የግድብ ሥራ ምን እንደሆነ እናስተውል። ተርባይን ዓመቱን ሙሉ እኩል እንዲዞር የክረምቱ ጎርፍ ተይዞ በበጋ ቀስ በቀስ መለቀቅ አለበት። ይህ ማለት ለገበሬው ሕይወት የነበረው የክረምት ሙላት ለኃይል አመንጪው መጥፋት ያለበት ነገር ነው ማለት ነው። ጉዳቱ በስህተት የመጣ ወይም ያልታሰበ አይደለም፤ ኃይሉ የሚመነጭበት መንገድ ውጤት ነው፤ ደለሉም ከግድቡ ጀርባ ይቀራል። የፕሮጀክቱ የአካባቢና ማኅበራዊ ተፅዕኖ ግምገማም ይህን ተረድቶ ነበር፤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በመስከረም ገደማ፣ ለ10 ቀናት ያህል በሰከንድ 1,000 ሜትር ኩብ ውኃ በመልቀቅ ሰው ሠራሽ ጎርፍ እንዲፈጠር ሐሳብ አቅርቧል። የተቋሙ ማኅበራዊ ኃላፊነት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነበር። ትምህርት ቤት አንድ ጊዜ በሚመደብ በጀት ይሠራል። በአንድ ጊዜ የተለቀቀ ውኃ ግን ከማጠራቀሚያው ላይ የሚቀነስ፣ በበጋ ሊሸጥ ይችል የነበረ ኃይል ነው፤ ያውም በየዓመቱ። ጸሐፊው ስለ ኦሞ በጻፉት ረጅም ክፍል ውስጥ ስለዚህ ጎርፍ አንድም ቃል አላነሡም። በየትኞቹ ዓመታት ተለቀቀ፣ ምን ያህል ነበር፣ ዳርቻው ላይ ደረሰ ወይስ አልደረሰም የሚለው ከግድቡ መዝገብ ተነሥቶ ቢነገር፣ የማኅበራዊ ኃላፊነቱ ማስረጃ ከየትኛውም የምረቃ ሪባን ይበልጥ ጠንካራ በሆነ ነበር።

የግምገማው ጊዜም ሊታለፍ አይገባም። የግንባታው ውል የተፈረመውና ሥራው የተጀመረው በ1998 ዓ.ም ነው፤ የግምገማው ሰነድ ለሕዝብ የቀረበው ደግሞ በ2001 ዓ.ም ነው። በ1995 ዓ.ም የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ግምገማ የሚያስፈልገው ማንኛውም ፕሮጀክት ያለ ፈቃድ ሥራ እንዳይጀምር ይከለክላል፤ ሰነዱም ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዝዛል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 በቀጥታ የሚነካው ሕዝብ በእቅዱም በአፈጻጸሙም ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ይላል። መሠረቱ ከተቆፈረ በኋላ የሚጠየቅ ሰው ሐሳቡ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን የግድቡን ቦታና ቁመት አይለውጥም።

ጸሐፊው ለዚህ ሁሉ መልስ ይሆነኛል ያሉት የቱርካና ሐይቅን ነው። ሐይቁ ይደርቃል ተባለ፣ ጭራሽ ሞላ፤ ስለዚህ ተቺዎቹ ተሳስተዋል ይላሉ። ሐይቁ ከሚያገኘው ውኃ 90 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከኦሞ ነው። ግድቡ ውኃ መያዝ በጀመረባቸው ዓመታት ከፍታው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወርዶ ነበር፤ በኋላ በተከታታይ በጣለው ከባድ ዝናብ ጨመረ፣ እንዲያውም ከመጠን አልፎ በኬንያም በኛም በኩል የዳርቻ ነዋሪዎችን አፈናቀለ። ሐይቁ ይደርቃል ብለው የተነበዩት መሳሳታቸውን መቀበል ተገቢ ነው። ነገር ግን የሐይቁ ከፍታ የሚነግረን በዓመቱ የገባውን የውኃ መጠን ነው። የካራው ገበሬ ጥያቄ ስለ መጠን አልነበረም፣ ስለ ወቅት ነበር። ያው ውኃ በ12 ወር ተከፋፍሎ ቢፈስ ሐይቁ አይጎድልም፤ ዳርቻው ላይ ያለው ማሳ ግን ርጥበትም ደለልም አያገኝም። የዳሰነች መንደሮች በቅርብ ዓመታት በውኃ መዋጣቸውም የጎርፉን መመለስ አያሳይም። ማሽላ የሚዘራበት ጎርፍ መጥቶ የሚሄድ ነው፤ መጥቶ የሚተኛ ውኃ ማሳውንም ግጦሹንም ይወስዳል። አንዱን ጥያቄ በሌላው መልስ መዝጋት አይቻልም።

መብራት ማዳረስ የሌላ ተቋም ሥራ ነው ለሚለው፣ ነገሩ በአሠራር ደረጃ ትክክል ነው። ከታኅሣሥ 2006 ዓ.ም ጀምሮ የቀድሞው ኮርፖሬሽን ለሁለት ተከፍሎ፣ ማመንጨትና በከፍተኛ ቮልቴጅ ማስተላለፍ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ስርጭትና ሽያጭ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጥቷል። በቴክኒክም ቢሆን ከባለ 400 ወይም ከባለ 500 ኪሎቮልት መስመር ላይ ገመድ ጠልፎ ለአንድ ቀበሌ መብራት መስጠት አይቻልም፤ መካከል ላይ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ የስርጭት መስመርና ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ይህን አልክድም። ይሁንና ማከፋፈያ ጣቢያ የት እንደሚተከል የሚወስነው ኃይል አመንጪው ነው። ሁለቱም ተቋማት የአንድ መንግሥት ናቸው። ግቢው ላይ የብረት ምሰሶ የቆመበት፣ ማታ ማታ በኩራዝ ወይም በሶላር ፋኖስ የሚያመሽ ቤተሰብ የመዋቅሩን ክፍፍል ማወቅ አይጠበቅበትም። በ2010 ዓ.ም ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እስከ 2017 ዓ.ም ድረስ መላውን ሕዝብ በዋናው መስመርና ከመስመር ውጪ በሆኑ ዘዴዎች ለማዳረስ አቅዶ ነበር፤ ዛሬም ግን ግማሽ ገደማ የሚሆነው ሕዝብ መብራት የለውም። መስመሩ መሬቱን የወሰደበት ቀበሌ ከወረፋው ፊት እንዲሰለፍ ሁለቱ ተቋማት ቢስማሙ፣ ማኅበራዊ ኃላፊነት ለሚለው ስያሜ ከዚህ የተሻለ ይዘት አላገኝለትም።

የታሪፉ ርካሽነት በራሱ ማኅበራዊ ኃላፊነት ነው የሚለው የጸሐፊው ነጥብም እዚሁ ላይ ይመለሳል፤ ዝቅተኛ ታሪፍ የሚጠቅመው ቆጣሪ ያለውን ሰው ነው። ታዳሽ ኃይሉ ደን አድኗል የሚለውም እንዲሁ ነው። አብዛኛው ቤተሰብ ዛሬም የሚያበስለው በማገዶና በከሰል ነው። እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ ለመጋገር ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ኃይል ያስፈልጋል፤ የገጠር ቀበሌ ትራንስፎርመር የሁሉን ቤት ምጣድ በአንድ ጊዜ መሸከም ካልቻለ፣ መብራት የገባበትም ቤት አምፖሉን አብርቶ እንጀራውን በእንጨት ይጋግራል። ኃይሉ ታዳሽ ስለሆነ ደኑ ዳነ ማለት የሚቻለው ኃይሉ ምጣዱ ጋ ሲደርስ ነው።

ስለ ችግኝ ተከላው ጸሐፊው በኩራት ጽፈዋል፤ ሥራውን እኔም እደግፈዋለሁ። ግን ግድብና የላይኛው ተፋሰስ ያላቸው ግንኙነት ከአንድ ቀን ዘመቻ የጠለቀ መሆኑን የፊንጫ ታሪክ ያስተምራል። የፊንጫ ግድብ በ1965 ዓ.ም ሲጠናቀቅ የጮመንን ረግረግ፣ የግጦሽ መሬትና ማሳ አጥለቀለቀ። መሬታቸውን ያጡ ገበሬዎች ወደ ተዳፋቱ ወጥተው ማረስ ጀመሩ፣ የታረሰው ተዳፋት ተሸረሸረ፣ የተሸረሸረው አፈር ደለል ሆኖ ወደ ማጠራቀሚያው ወረደ። ተነሺውን በአግባቡ አለማስፈር ዞሮ የግድቡን ዕድሜ ያሳጥራል ማለት ነው። ስለዚህ ተቋሙ ከተከለው ችግኝ ብዛት ይልቅ ከሦስት ዓመት በኋላ የጸደቀውን፣ በየማጠራቀሚያው የሚገባውን የደለል መጠንና ከግድቡ በላይ በተዳፋት ላይ የሚያርሱ ቤተሰቦችን ሁኔታ ቢዘግብ ዘላቂነት የሚለው ቃል ቦታውን ያገኛል።

ሌሎች አገሮችም እንዲህ ነው የሠሩት ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። የዓለም የግድቦች ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም ባወጣው ሪፖርት በዓለም ዙሪያ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን ሰዎች በግድቦች ምክንያት መፈናቀላቸውን ገምቷል። ይህ ቁጥር ልንደግመው የሚገባን ምሳሌ አይደለም። የእኛ ሕገ መንግሥት ደግሞ የተጻፈው ብዙዎቹ አገሮች ግድቦቻቸውን ከሠሩ በኋላ ነው፤ አንቀጽ 43 ሕዝብ ማኅበረሰቡን በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ የመጠየቅ መብቱን ሲደነግግ ያን ልምድ ከኋላው ይዞ ነው። የውጭ ዘመቻ ስለሚባለውም ቢሆን፣ ከላይ ያነሣኋቸው ጥያቄዎች በሙሉ የተመሠረቱት በኢትዮጵያ ሕጎችና በፕሮጀክቶቹ ሰነዶች ላይ ነው። ግድባችንን የሚጠላ ሰው የሙርሲን ወይም የዳሰነችን ስም ለራሱ ዓላማ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ያ ግን እነሱ ዜጎች መሆናቸውንና ያጡት ነገር መኖሩን አይለውጥም። ጥያቄያቸውን ራሳችን በአማርኛና በራሳቸው ቋንቋ ብንመልሰው ለዘመቻ የሚተርፍ ነገር አይኖርም ነበር።

ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር ላይ መቆዘም እንዳይመስል አንድ በእጃችን ያለ ጉዳይ ልጥቀስ። ከግልገል ጊቤ ሦስት በታች፣ በዚያው በኦሞ ላይ፣ 1,800 ሜጋዋት ያመነጫል የተባለው የኮይሻ ግድብ እየተገነባ ነው። ሲጠናቀቅ ወደ ታችኛው ኦሞ የሚወርደው ውኃ በምን ወር ምን ያህል እንደሚሆን የሚወስነው የኮይሻ መቆጣጠሪያ ክፍል ይሆናል። ጊቤ ሦስት ሥራ ሲጀምር እያንዳንዱ ሜጋዋት ለአገሪቱ ያስፈልግ ስለነበር ውኃ ያለ ጥቅም አይለቀቅም የሚል ምክንያት ይሰጥ ይሆናል፤ የሕዳሴ ግድብ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ያ ምክንያት በእጅጉ ሳስቷል። በመሆኑም የኮይሻ የውኃ አለቃቀቅ መርሐ ግብር ግድቡ መሙላት ከመጀመሩ በፊት ከካራ፣ ከኛንጋቶም፣ ከሙርሲና ከዳሰነች ሽማግሌዎችና ሴት አራሾች ጋር ተመክሮበት ይጻፍ፤ የመስከረሙ ጎርፍ መጠንና ቀናት በቁጥር ይቀመጡበት፤ በየዓመቱም የተለቀቀው ውኃ ይፋ ይደረግ። ጸሐፊው ተቋሙን በቅርብ የሚያውቁት ከሆነ፣ ይህን ሰነድ አስቀድመው ቢጠይቁልንና በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ቢያወጡልን አንባቢዎቻቸው ሁሉ እናመሰግናቸዋለን።